ሥጋ የማይገባበት ቤት

ልጅ ሳለሁ እናትና አባቴ ሥጋ የማይወዱ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። እኔ ጎመን አልወድም። አባቴ ሽንኩርቱ በደንብ ያልበሰለ ወጥ ከቀረበለት ዳር ዳሩን እየጠቀሰ ያስመስላል እንጂ አይበላም። እናቴ ደግሞ ትኩስ ወተት ከሸተታት ያቅለሸልሻታል። ሰው ሁሉ የማይወደው ነገር አለው፤ የእነሱ አለመውደድ ሥጋ ላይ የወደቀ መሰለኝ። ይህ ባልከፋ፤ የሚያንገበግበኝ እነሱ ባልወደዱት ነገር እኔ አብሬ መቀጣቴ ነበር።

ቤታችን ሮቤ፣ ከገበያው በላይ፣ ክረምት የገባ ጭቃ እስከ ጥቅምት በማይለቅበት ሰፈር ነበር። አባቴ ዘይነዲን የጊኒር ሰው ነው። የመንግሥት እርሻ ስንዴ የሚያመላልስ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። እናቴ ይርጋለም የጎባ ልጅ ናት፤ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እሱ ይሰግዳል፣ እሷ ታማትባለች። ይህንን እያየሁ ስላደግሁ ለእኔ አንዱ ረጅም፣ ሌላዋ አጭር ከመሆናቸው የተለየ ነገር አልነበረውም። እሱ ሲሰግድ እሷ ወጡ እንዳይበርድ ትከድነዋለች፤ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እሱ እሳቱን ይጠብቅላታል። ከዚህ ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እናቴ ያለ ሥጋ የምትሠራው ሥራ ግን ጉድ ነበር። ለሽሮ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት፣ ለረጅም ጊዜ ታቁላላዋለች፤ እስኪጠቁር አይደለም፣ ማር እስኪመስል ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ትጨምራለች፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ይሞታል ትላለች። ብርዱ ሲጠና ጠዋት የገብስ ገንፎ ታገነፋልናለች፤ መሀሉን በጭልፋ ጎድጎድ አድርጋ በርበሬና ቅቤ ትሞላዋለች፤ አባቴና እኔ በየበኩላችን እየናድን ቅቤው ማን ጋ ቀድሞ ይፈሳል ብለን እንፎካከራለን። አባቴ ለመንገድ ሲነሳ ደግሞ የተቆላ ገብስ አስፈጭታ፣ በቅቤ ለውሳ፣ ጩኮ ትቋጥርለታለች። በዓል ሲሆን እንቁላል ይቀቀላል። እንቁላል የእኛ ቤት ዶሮ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ቅቤው ይቀራል፤ አባቴም ድምፁን ሳያሰማ የዘይቱን አብሯት ይበላል። በረመዳን ተራው የእናቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ስትሰፋ ትውልና መግሪብ ላይ እኩል ይቀርባሉ። እሱ ሳይበላ አይወርድልኝም ትል ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ምሳ የመርሳት ልማድ አላቸው ብዬ ነበር የምተረጉመው። ብቻ መቼም ይሁን መቼ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሦስታችንም የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። እናቴ ለማንኛችንም ለብቻ ሳህን አቅርባ አታውቅም።

በቀኛችን እትዬ እኅተማርያም፣ በግራችን እማማ ሞሚና ነበሩ። በፋሲካ ከቀኝ፣ በአረፋ ከግራ የሥጋ ሽታ ይመጣብናል፤ እኛ መሀል ተቀምጠን ምራቃችንን እንውጣለን። ማለቴ እኔ እውጣለሁ። ከሁለቱም ቤት የሚላክልን ዳቦ ነው። እትዬ እኅተማርያም ድፎ፣ እማማ ሞሚና ትኩስ ዳቦ ከነእርጎው። ለሌላው ጎረቤት በሳህን የተከደነ ነገር ሲያልፍ እያየሁ ለእኛ ዳቦ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኝ ነበር። ሰዎቹ ወይ ስስታም ናቸው፣ ወይ አይወዱንም ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ፋሲካ አላስችል ብሎኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ እትዬ እኅተማርያም ማድቤት ገባሁ። ድስቱ አጠገብ ቆሜ ትንሽ ሥጋ እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የጢሱ መሰለኝ። ሥጋውን ትታ የተቀቀለ እንቁላል በሁለቱም እጄ አስያዘችኝና፣ ይህንን ላንቺ ብሰጥ ከእናትሽም ከአባትሽም ጋር እጣላለሁ አለችኝ። እንቁላሉን ይዤ ስመለስ አንድ ነገር ገባኝ። ሥጋ ለእኛ ዘር የማይስማማ፣ ምናልባትም የሚያሳብጥ ነገር መሆን አለበት። ለትምህርት ቤት ልጆችም ይህንኑ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት አብሮኝ የሚበላ ጠፋ። ዱሮም ቢሆን የክርስቲያኖቹ ልጆች በአንድ ወገን፣ የእስላሞቹ በሌላ ወገን ምሳቸውን ፈተው ሲቀማመሱ እኔ፣ ሙሉካ፣ ከየትኛው እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር። ዳቦዬን ይዤ ከውሃ ቧንቧው ጀርባ ብቻዬን እበላ ነበር።

ዛሬ እኔም ጊኒር አግብቼ፣ ወልጄ፣ ልጆቼን በየአመላቸው የማበላ ሴት ነኝ፤ ነገሩም ግልጽ ነው። በእኛ አገር ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን። የሮቤ ሥጋ ቤቶች እንኳ ሰው እንዳይሳሳት በራቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይስላሉ። እናቴና አባቴ ሲጋቡ ማንም ማንንም አልለወጠም። አባቴ፣ ለእኔ ብለሽ ከለወጥሽ አንድ ቀን በዚሁ ትጠይኛለሽ ብሏት ነበር አሉ። እንግዲህ አንዳቸው ሥጋ ከበሉ ሌላው ከትሪው ሊነሳ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሥጋውን ትተው ትሪውን ያዙ። የጊኒሮቹም የጎባዎቹም ዘመዶች በዚህ ተቆጥተው ደጃችንን መርገጥ ተዉ። ጎረቤቶቻችን ግን ያውቁ ነበር። ዳቦ የሚልኩልን ለሁለቱም የሚሆነውን አስበው፣ መርጠው ነበር። ይህን ሁሉ እናቴ ያጫወተችኝ የመጀመሪያ ልጄን ልታርሰኝ በመጣች ጊዜ ነው።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ላይ፣ የእርሻው መኪኖች ለጦሩ ስንቅ ይዘው ወደ ሰሜን እንዲሄዱ ታዘዘ። የአባቴም መኪና ከነሾፌሩ ታዘዘ። እናቴ ጩኮውን ከወትሮው አብዝታ ለወሰች፤ እጇ ሥራውን ያውቀዋል፣ ዓይኗ ግን እዚያ አልነበረም። አባቴ ብብቴ ሥር ይዞ አነሳኝና ምን ላምጣልሽ አለኝ። ሥጋ አልኩት። አባቴ ሳቀ። ሥጋውንስ አላመጣም፣ ሌላ የሚጣፍጥ ነገር ፈልጊ አለኝ። ሌላ የሚጣፍጥ ነገር ሳስብ መንገድ ላይ የሚጠብቁት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ፤ ሳልነግረው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ትሪያችን ላይ ሁለት እጅ ቀረ። እናቴ እንጀራውን የምታነጥፈው ግን እንደ ዱሮው ለሦስት ነው። ወጡንም በሦስቱ በኩል ታወጣለች። በአባቴ በኩል ያለውን እንዳልነካ ተነግሮኛል፤ እኔና እናቴ የራሳችንን ጠርዝ ጨርሰን መሀል ላይ ስንደርስ እናቆማለን። በማግስቱ እሱ ያልበላው ይፈረፈርና ቁርስ ይሆነናል። ሰው ሁሉ ወጥ ጠቆረብኝ፣ ጨው በዛብኝ ብሎ ሲያማርር እናቴ የምታማርረው ወጡ ስለሚተርፋት ነበር። ለሁለት ሰው መሥራት አልቻለችበትም። ድስቱን ታሳንሳለች፣ ሽሮውን በእፍኝ ትቀንሳለች፤ ተሠርቶ ሲወጣ ግን ለሦስት ይሆናል።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ እያለ እንጀራው ላይ የሆነ የማያልቅ ወሬ ነበር፤ ጎማ ስለፈነዳበት ቦታ፣ ጭጋግ ውስጥ መንገድ መሀል ስለተኛች ላም። አሁን የምንሰማው የራሳችንን ማላመጥ ነው። የመኪና ድምፅ ከሰማሁ ጉርሻዬን ይዤ እወጣለሁ። መኪናው ሲያልፍ ተመልሼ እገባለሁ። እናቴ ቀና ብላ አታየኝም፤ ብቻ እጇ ትሪው ላይ ቆሞ እንደጠበቀኝ አየዋለሁ። ምን ያህል እንደከፋኝ ለማንም መናገር አልቻልኩም፤ የምናገረውም ሰው አልነበረም።

ፋሲካ መጣ። በበዓሉ ቀን አጎቴ ኃይለመስቀል ከጎባ መጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ካገባች ወዲህ ግን ደጃችንን ሲረግጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። በእጁ ዘንቢል ይዟል። ከዘንቢሉ አፍ ላይ የበግ ወርች ብቅ ብሎ ሳይ ልቤ ዘለለ። እናቴ እንዲቀመጥ ለመነችው፤ እሱ ቆሞ ቀረ። እኔን ውጪ ተጫወቺ አሉኝ፤ እኔም በር ሥር ሆኜ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ ተነጋገሩ። ቀጥሎ አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሄዱት መኪኖች የት እንደደረሱ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ፣ እሱም በየቢሮው እንደጠየቀ ነገራት።

«ይርጋለም፣ አይመጣም» አላት። «ይህን ዛሬ ሥሪና ብዪ። ከበላሽ ነገ ጎባ ቤትሽ ነው። ክፍልሽ እንዳለ ነው። ልጅቷንም አናንገላታብሽም። ሌላ ምን ጠየቅሁሽ?»

«ጋሼ፣ ሞተ ያለኝ ሰው የለም።»

«ማን እስኪልሽ ነው የምትጠብቂው?»

«ነገ በሩን ከፍቶ ቢገባ፣ በምን አፌ አብሬው እቀርባለሁ?»

እናቴ ዘንቢሉን አንስታ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችው፤ ጉልበቱንም ሳመችው። እሱም እንደመበሳጨት፣ እንደማልቀስም እያደረገው ወጣ። ወርቹ ከዘንቢሉ ጋር እየተወዛወዘ እስከ አስፋልቱ ሲሄድ በዓይኔ ሸኘሁት። ለእኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጎባ አጎት አለን፣ ክፍል አለን፣ ምናልባትም አብረውኝ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ ይህ ሁሉ የሚቀርብን እናቴ ሥጋ ስለማትወድ ነው።

ያን ቀን ሽሮው ሲቀርብ አፌን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ለምን ሥጋ እንደማትወድ ጠየቅኳት። እናቴ ጉርሻውን እንደጠቀለለች ቀና ብላ አየችኝ። እወዳለሁ እንጂ አለችኝ። ልጅ ሆና በዓል ሲመጣ መቅኒ ያለበትን አጥንት የሚነጥቃት እንዳልነበረ፣ አጎቴ ራሱ ከድርሻው እየቀነሰ ይሰጣት እንደነበረ አጫወተችኝ። ነገሩ ተደበላለቀብኝ። ታዲያ ለምን አንሠራም አልኳት። የአባትሽ ወሬ ሳይመጣማ አይሆንም አለችኝ፤ ጉርሻውንም አፌ ውስጥ ከተተችው።

አሁን ገባኝ አልኩ በልቤ። ሥጋው የሚጠብቀው አባቴን ነው። እሱ የመጣ ዕለት ይሠራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽሮውን ሳላጉረመርም በላሁ፤ አባቴንና ሥጋውን አንድ ላይ መጠበቅ ጀመርኩ።

ወሬው የመጣው ክረምት ላይ ነው። ጭጋጉ ከስንዴው ማሳ ተነስቶ እስከ አጥራችን ወርዶ ነበር፤ ሰውየውን ያየሁት በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ወዚር ይባላል፤ የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ አብሮት ወደ ሰሜን የሄደ ሾፌር ነው። አንድ እግሩን ይጎትታል። «አካም ጅርቱ» ብሎ ገባ፤ እናቴም ሰላምታውን በኦሮምኛ መለሰችለትና ወዲያው ማድቤት ገብታ ምሳ አቀረበች። ካቀረበች በኋላ እኔን እሳቱን ጠብቂ ብላ ላከችኝ። የማድቤቱ ግድግዳ ምርጊቱ ስለረገፈ ድምፅ ይገባል፤ ግን ሁሉም አይገባም።

መጀመሪያ የሰማሁት የወዚርን ሳቅ ነው። በየደረሱበት ከተማ ሾፌሩ ሁሉ ጥብስ ሲያዝ ዘይነዲን ሽሮ አምጡልኝ ነበር የሚለው። የእስላም ሥጋ ቤት እያለ፣ እስላም አርዶት እያለ። ጾመኛው እያሉ ስም አወጡለት። ሚስትህ እዚህ የለችም፣ ማን ያይሃል ሲሉት፣ ቤት ስገባ በምን ዓይኔ አያታለሁ ይላቸው ነበር። እናቴ ሳቀች። ከመስከረም ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ያን ጊዜ ነበር። እኔም እሳቱ አጠገብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቆይቶ የወዚር ድምፅ ከበፊቱ ቀጠን ብሎ መጣ። መኪናው ከኔ ፊት ነበር አለ። ቀጥሎ ያለው አልተሰማኝም። በዓይኔ ነው ያየሁት የሚለውን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁ። ዘለልኩ። አባቴን በዓይኑ ያየ ሰው ቤታችን ተቀምጧል ማለት ነው። ሮጬ ስገባ ወዚር ጭንቅላቴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ፤ ጢሙ እርጥብ ነበር። ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ እግሩን እየጎተተ ሄደ። እናቴ ትሪው ፊት ተቀምጣ ቀረች። ከዚያ እጇን ዘርግታ በአባቴ በኩል ያለውን እንጀራ ቆረሰች። ደንግጬ አየኋት። ቀስ ብላ፣ አንድ ሳታስቀር፣ ጠርዙን ሁሉ በላችው።

በማግስቱ ገበያ ወጣን። እናቴ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ እኔንም ንጹሕ ቀሚስ አልብሳኛለች። መጀመሪያ ሁለት አዲስ የሸክላ ድስት ገዛች። ቀጥላ ጨረቃ የተሳለበት ሥጋ ቤት ወሰደችኝ። ሥጋ ሻጩ አባቴን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እናቴን ደጁ ላይ ሲያይ ቢላውን አስቀመጠ። ለማን ነው አላት። ለልጄ አለችው። እሱም ሌላ ሳይጠይቅ ከሁሉ ለስላሳውን ቆርጦ ሰጣት። ቀጥለን መንገዱን ተሻግረን መስቀል ወዳለበት ገባን። እዚያም ለማን ነው አሏት። ለኔ አለች። ሁለቱን ጥቅል በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳታነካካ፣ ቤት ደረስን።

እንደዚያን ቀን ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም። ማድቤቱ ውስጥ ሁለት እሳት ነደደ። እናቴ ሽንኩርቱን እኩል ለሁለት ከፍላ ጨመረች፤ በርበሬውንም፣ ቅቤውንም እንዲሁ። ሁለት ማማሰያ ነበር፤ የዚህን እዚያ እንዳትነክሪ ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። ለምን ሁለት ድስት እንዳስፈለገ አልጠየቅኳትም፤ አባቴ የሚመጣው ከብዙ ሰው ጋር ነው ብዬ አሰብኩ። ቅቤው ሲቀልጥና ሥጋው ሲገባ የወጣው ሽታ የእኛ ቤት ሽታ አልመስል አለኝ። እናቴ ማማሰሏን አላቋረጠችም። የሽንኩርቱ እንባ አልደርቅላት ብሎ በክንዷ ትጠርገዋለች።

ይህን ደስታ ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም። ወጥቼ ወደ እማማ ሞሚና ሮጥኩ። ግቢያቸው ውስጥ ስንዴ ያበጥሩ ነበር።

«እማማ፣ አባቴ ሊመጣ ነው! እናቴ ሥጋ እየሠራች ነው» አልኳቸው።

«ሥጋ?»

«በሁለት ድስት። አንዱ ከጨረቃው ነው፣ አንዱ ከመስቀሉ።»

ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ፤ ስንዴው እግራቸው ላይ ፈሰሰ። «ኢንና ሊላሂ» አሉ፤ ቀሪውን በአፋቸው ውስጥ ጨረሱት። እማማ ሞሚና የአላህን ስም የማይጠሩበት ጊዜ ስለሌለ ምስጋና መሰለኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» እያሉ ደረታቸው ላይ አጣበቁኝ። እኔ ግን የምነግረው ሌላ ሰው ስላለኝ ተንሸራትቼ አመለጥኳቸው። እትዬ እኅተማርያም ስትሰማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ለመላው ሰፈር አዳረስኩ። ማንም እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ የለም። ሰው መቼም የራሱ ካልሆነ ደስታ አይጥመውም ብዬ ታዘብኳቸው።

እናቴ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ከወዚር የሰማችውን በአፏ ለማውጣት አቅም አላገኘችም። ለቅሶ ይቀመጡልኛል የምትለው ዘመድም አልነበራት፤ የእሱም የእሷም ወገን ርቋታል። ሰፈሩ ግን የዚያን ቤት ድስት ያውቃል። ይርጋለም ሥጋ ሠራች ማለት ዘይነዲን የለም ማለት እንደሆነ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። መርዶውን በየደጁ እየሳቅሁ ያረዳሁት እኔ ነኝ።

ቤት ስመለስ ሰው መሙላት ጀምሯል። ነጠላ ያደረጉት በአንድ ወገን፣ ሻሽ ያሰሩት በሌላው፤ ወንዶቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው አጥሩ ሥር ቆመዋል። ቤታችን ያን ያህል ሰው ገብቶበት አያውቅም። ሥጋው ሸቷቸው የመጡ መሰለኝና ለሁሉም ይበቃ ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። አንዷ ሴት ድምፅ አውጥታ ልታለቅስ ስትል እናቴ ከማድቤቱ ብቅ አለች። በሁለቱ እጆቿ ሁለት ሳህን ይዛለች።

«እስክንበላ ቆዩኝ» አለቻቸው። «ልጄን ላብላ። ከዚያ ታለቅሱልኛላችሁ።»

እትዬ እኅተማርያም አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እማማ ሞሚና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናቴ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችኝና አንዱን ሳህን ከፊቴ፣ ሌላውን ከራሷ ፊት አደረገች። ትሪው የለም። ትሪው የት ሄደ ብዬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ እጄን ወደ እሷ ሳህን ሰደድኩ። ያዘችኝ። መዳፌን ሳመችና መልሳ የራሴ ሳህን ላይ አደረገችው።

«ይህ የኔ ነው» አለችኝ። «ያ የአባትሽ ነው። አንቺም የአባትሽ ነሽ፤ እንደ አባትሽ ትሆኛለሽ።»

«አባዬ እስኪመጣ ነው?» አልኳት።

«አይመጣም፣ ሙሉዬ።»

ቆርሳ፣ ከሥጋው ጋር ጠቅልላ ጎረሰች። ሁሉም እያያት አላመጠች፤ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ከዋጠች በኋላ በይ ብላ በዓይኗ አመለከተችኝ። እኔም ጎረስኩ። እናቴ ጉልበቷ ጉልበቴን እየነካው አጠገቤ ተቀምጣ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶት፣ ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቤቴ ብቻዬን በላሁ።